የዳሪሙ ልጅና የዩኒቨርሲቲው በር

ዳሪሙ ከኢሉባቦር ወረዳዎች አንዱ ነው። ገበሬው በቡና፣ በበቆሎና በማር ይኖራል፤ ክረምቱ ረጅም፣ ጭቃው ከባድ ነው። ከአዲስ አበባ በጅማና በበደሌ አድርጎ መቱ የሚደርሰው መንገድ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ዳሪሙ ለመድረስ ደግሞ ከመቱም ማለፍ ያስፈልጋል። እዚያ የተወለደ ልጅ ባለፉት መቶ ዓመታት ከፍተኛ ትምህርት ደጃፍ ለመድረስ ምን ምን ማለፍ ነበረበት? ብሔር፣ ቋንቋና ገንዘብ በአገራችን የትምህርት ታሪክ ውስጥ እንዴት እንደተጠላለፉ ለማየት ከዋና ከተማው ይልቅ ከዚህ ጥግ ሆኖ መመልከት ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

የኢሉባቦር የድሮ መናገሻ ጎሬ ነበረች። በምኒልክ ዘመን ግዛቱን ያስተዳድሩ የነበሩት ራስ ተሰማ ናደው መቀመጫቸውን እዚያ አደረጉ። ጎሬ በአጭር ጊዜ ውስጥ ትልቅ የንግድ ከተማ ሆነች። የኢሉባቦር ቡና በአጋሰስና በሰው ጫንቃ ወደ ጋምቤላ እየወረደ፣ ከዚያ በባሮ ወንዝ በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ እስከ ካርቱም ይሄድ ነበር። ግሪኩም አርመኑም በጎሬ ሱቅ ከፍቶ ነበር። ቡናውን የሚለቅመው የኦሮሞ ገባር ግን ከዚያ ሁሉ ንግድ ልጁን ፊደል የሚያስቆጥርበት ምንም አልተረፈለትም። በ1900ዎቹ መግቢያ አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን በአብዛኛው ከመኳንንቱ ልጆች ወሰደ፤ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም ያው በመዲናዋ ነበር። በገጠር ትምህርት ማለት የቄስ ትምህርት ወይም የቁርአን ትምህርት ነበር። ሁለቱም ትልቅ ዕውቀት ያስጨብጣሉ፤ ለመንግሥት ሥራ የሚፈለገውን ወረቀት ግን አይሰጡም።

በምዕራቡ አገር ሌላ ጭላንጭል መታየት የጀመረው ከዚህ ቀደም ብሎ ነው። በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ ነፃ የወጣው የኢሉባቦሩ ተወላጅ ኦኔሲሞስ ነሲብ፣ እንደ እሱው ከባርነት ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ በኦሮምኛ የማንበቢያ መጻሕፍት አዘጋጀ፤ መጽሐፍ ቅዱስንም ተርጉሞ በ1891 ዓ.ም. አሳተመ። በኋላም ወደ ወለጋ ሄደው ነቀምት ላይ አስተማሩ። ኦኔሲሞስ የተወለደው ሑሩሙ አካባቢ መሆኑን ስናስታውስ፣ በኦሮምኛ የጽሑፍ ትምህርት እንዲስፋፋ ካደረጉት ሰዎች ቀዳሚው ከመቱ አጠገብ የበቀለ ሰው ነበር ማለት ነው። የትውልድ ቀዬው ልጆች በቋንቋቸው የሚማሩበት የመንግሥት ትምህርት ቤት እስኪያገኙ ግን ከዘጠና ዓመት በላይ ጠበቁ።

በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጣሊያን ወረራ ምክንያት አገር ለቀው ሲወጡ መንግሥት ተብሎ የቀረው ወደ ጎሬ ተሰደደ። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የመንግሥቱን አደራ ተቀበሉ፤ ራስ እምሩም መጡ። በነቀምት የተደራጀው የጥቁር አንበሳ የአርበኞች ማኅበር አባላት በአብዛኛው ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡና ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ወጣቶች ነበሩ። ጎሬ በኅዳር 1929 ዓ.ም. በጣሊያን እጅ ወደቀች። ከየካቲት 12ቱ እልቂት በኋላ ፋሺስቱ የተማረውን ሰው እየለየ ፈጀ። አገሪቱ በጭንቅ ያፈራቻቸው ምሁራን ጥቂት ነበሩ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ አለቁ። ከነፃነት በኋላ የተነሳው የትምህርት ሥራ ከባዶ መጀመሩ ከዚህ የመጣ ነው።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ተማሪዎቹ 33 ነበሩ። መሪው ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ሉሲየን ማት ነበሩ። ትምህርቱ ነፃ ነበር፤ ምግብና መኝታም በመንግሥት ነበር። በዚህ በኩል ያኔ የነበረው ሥርዓት ዛሬ ካለው ለድሃ የተሻለ ነበር፤ ኮሌጁ ከደረሰ በኋላ ድሃ በመሆኑ የሚባረር ልጅ አልነበረም። ችግሩ ከዚያ በፊት ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአዲስ አበባ፣ በኤርትራና በጥቂት ትልልቅ ከተሞች ተከማችተው ነበር። ኮተቤ የነበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትምህርት ቤትና ጀኔራል ዊንጌት አዳሪ ስለነበሩ ከክፍለ ሀገር ጎበዝ ልጆችን ይቀበሉ ነበር። የገጠሩ ልጅ ግን በመጀመሪያ አንደኛ ደረጃ ማግኘት ነበረበት፤ ቀጥሎም በማያውቀው ቋንቋ መማር።

የቋንቋው ነገር ሰፋ አድርጎ ማየት የሚገባው ነው። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ እንዲሰጥ ሲደረግ ዓላማው የአንድ አገር ልጆች በአንድ ቋንቋ እንዲግባቡ ነበር። አማርኛ ቤቱ ውስጥ ለሚነገርለት ልጅ ይህ ጥሩ ነበር፤ ከውጭ አገር ቋንቋ ወደ እናት ቋንቋ መመለስ ነውና። የዳሪሙ ልጅ ግን ቤት ውስጥ ኦሮምኛ ይናገራል። ትምህርት ቤት ሲገባ ሒሳቡን ከመማሩ በፊት ሒሳቡ የሚነገርበትን ቋንቋ መማር አለበት። አማርኛን አገኘሁት ሲል ደግሞ ሰባተኛ ክፍል ላይ እንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። የማትሪክ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። ሁለት ልጆች አንድ ወረቀት ላይ ሲፈተኑ፣ አንደኛው ያቋረጠው አንድ ወንዝ ነው፤ ሌላኛው ሁለት። በውጤት መዝገቡ ላይ ግን ሁለቱም እኩል ተፈተኑ ተብሎ ይጻፋል።

1955 ዓ.ም. በዚህ ታሪክ ውስጥ የተለየ ዓመት ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሥርቶ ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለቅቀውለት ነበር። በመስከረም 1955 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ኢትዮጵያ ገቡ፤ ከ270 በላይ ነበሩ። በየክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሰማሩ፤ የአገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ቁጥርም በአንድ ጊዜ ወደ እጥፍ ተጠጋ። መሪያቸው ሃሪስ ዎፎርድ የፕሬዚዳንት ኬኔዲ የዜግነት መብት አማካሪ የነበረ፣ ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጋርም የሚቀራረብ ሰው ነው። በዚያው መስከረም ወር በራሱ አገር ምን እየሆነ ነበር? ጥቁሩ ጄምስ ሜርዲት ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ እንዳይገባ የደቡቡ ግዛት ገዢ በሩ ላይ ቆሞ ከለከለ፤ በተነሳው ረብሻ ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ ኬኔዲ ወታደር ልኮ ነው ሜርዲት የተመዘገበው። የኛን ገጠር ልጆች ለዩኒቨርሲቲ ያበቁ ዘንድ በተላኩት ወጣቶች አገር ውስጥ የቀለም ግድግዳው ገና እየተናደ ነበር።

በዚያው ዓመት በጥር ወር የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ መንገድ ለመሥራት፣ ክሊኒክ ለመክፈት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ኦሮሞ በሚበዛባቸው አውራጃዎች ትምህርት ቤት ለመሥራት ገንዘብ ያሰባስብ ነበር። በኋላ የማኅበሩ ዋና ሰው የሆኑት ጄኔራል ታደሰ ብሩ በጊዜው መሃይምነትን ለማጥፋት የተጀመረውን ዘመቻ ይመሩ ነበር። ወደ ማኅበሩ የገፋፋቸው ከትልልቅ ባለሥልጣናት አንዱ ኦሮሞን ለማስተማር እንዳይቸኩሉ የነገሯቸው ቃል ነው እየተባለ እስከ ዛሬ ይነገራል። ቃሉ በዚያ መልክ ተነገረም አልተነገረም፣ ሕዝቡ አምኖ መቀበሉ ራሱ በትምህርት ጉዳይ የነበረውን ቅሬታ ያሳያል። ማኅበሩ በ1959 ዓ.ም. ታገደ፤ ታደሰ ብሩም ሞት ተፈረደባቸውና ወደ እድሜ ልክ እስራት ተቀየረላቸው። ለትምህርት ቤት ተብሎ ብር ያዋጣ ገበሬ ማዋጣቱ ወንጀል ተብሎ ሲቆጠር አየ።

ዩኒቨርሲቲ የገቡት ልጆች ዝም አላሉም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. መሬት ለአራሹ ብለው ሰልፍ ወጡ። በኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦችን ጥያቄ በተማሪዎች መጽሔት ላይ ጻፈ፤ በቀጣዩ ወር የማኅበራቸው ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ። ዋለልኝ ወሎዬ ነው፤ ጥላሁን የትግራይ ልጅ ነው። ወደ ጠባቡ በር የገቡት ጥቂቶች ውጭ የቀሩትን መጠየቃቸው ለዚያ ትውልድ የማይነፈግ ክብር ነው። በኋላ የተከተለውን ደም ሳስብ እንኳ ይህን ክብር ልነሳው አልፈልግም።

የንጉሡ መንግሥት በመጨረሻ ዓመታቱ ያስጠናው የትምህርት ዘርፍ ግምገማ ዛሬ ብዙ ሰው ረስቶታል። ሊረሳ ግን አይገባም። ግምገማው ያቀረበው ሐሳብ፣ አብዛኛው የገጠር ልጅ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት አግኝቶ ወደ እርሻው እንዲመለስ፣ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ በቁጥር እንዲወሰን የሚያደርግ ነበር። ባለሙያዎቹ ስሌት ነበራቸው፤ አገሪቱ ድሃ ናትና ለሁሉም አንድ ነገር ማድረስ ይቅደም አሉ። መምህራንና ወላጆች ግን የድሃ ልጅ ድሃ ሆኖ እንዲቀር የተመከረ ምክር አድርገው ወሰዱት። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ አንዱ ምክንያታቸው ይህ ነበር። ያ ወር የአብዮቱ መጀመሪያ እንደሆነ የታወቀ ነው። በኢትዮጵያ አብዮት መነሻዎች ውስጥ የታክሲ ነጂዎች አድማና የወታደሩ ደመወዝ ብዙ ተጽፎባቸዋል፤ ልጄ ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ ተደረገ ያለው ወላጅ ግን የሚገባውን ያህል አልተጻፈለትም።

ወታደራዊው ደርግ ሥልጣን ይዞ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር አዘመተ። የከተማው ልጅ የገጠሩን ሕይወት ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። የመሬት አዋጁ ገባርነትን አጠፋ፤ የኢሉባቦር ገበሬም ለመጀመሪያ ጊዜ የቡናውን ፍሬ ሌላ ሳይካፈለው የሚሸጥበት ተስፋ አገኘ። ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ሬሳው መንገድ ላይ ሲጣል፣ ወላጅ ልጁን ለማስተማር ይፈራ ጀመር።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ግን ከዚህ ዘመን ተለይቶ መታየት ያለበት ሥራ ነው። በኋላ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደው ይህ ዘመቻ፣ ከመነሻው ኦሮምኛንም ጨምሮ ነው የጀመረው። የዳሪሙ እናቶችና አባቶች በራሳቸው ቋንቋ፣ በሳባ ፊደል፣ ስማቸውን መጻፍ ቻሉ። ልጆቻቸው በመደበኛ ትምህርት ቤት በአማርኛ መማራቸው ግን ቀጠለ። በ1970 ዓ.ም. የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ከጎሬ ወደ መቱ ተዛውሮ ነበርና፣ መሥሪያ ቤቱም ትምህርት ቤቱም ወደዚያ ተሳበ።

1977 ደግሞ የረሃቡ ዓመት ነው። መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚደርስ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር ኢሉባቦርም ብዙ ሰው ተቀበለች። ሰፋሪው ሲመጣ አብዛኛው ሳይጠየቅ ነው፤ ነባሩም ሳይጠየቅ ነው መሬት የተቆረሰበት። ከዚያ ጊዜ ወዲህ በኢሉባቦር ክፍል ውስጥ የወሎ ሰፋሪ ልጅና የኦሮሞ ገበሬ ልጅ በአንድ ዴስክ መቀመጥ ጀመሩ። ሁለቱም ድሃ ናቸው፤ ሁለቱም ለማትሪክ የሚያጠኑት በኩራዝ ነው። ይህን ያህል ድሃ የሆኑ ልጆች፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ከክልሉ ወሰን ማዶ ካለው ድሃ ልጅ በተለየ ሚዛን የሚመዘኑበት ጊዜ ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት ሦስት ነበሩ፦ አዲስ አበባ፣ አስመራና ዓለማያ። ኤርትራ ስትለይ አስመራ ሄደችና ሁለት ቀሩ። በጥቅምት 1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ እንዲጻፍ ተወሰነ፤ ወዲያውም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በኦሮምኛ መሰጠት ተጀመረ። ኦኔሲሞስና አስቴር የጀመሩት ነገር በመጨረሻ የመንግሥት ትምህርት ሆነ። የዳሪሙ ልጅ መምህሩ የሚለውን በመጀመሪያው ቀን ሰማ። ይህ ለአንድ ሕፃን ምን ማለት እንደሆነ፣ በማያውቀው ቋንቋ የተማረ ሰው ብቻ ነው በደንብ የሚያውቀው።

ሆኖም ሁለተኛው ወንዝ፣ እንግሊዝኛው፣ ከነበረበት ፈቅ አላለም። ስምንተኛ ክፍልን በኦሮምኛ የጨረሰ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። መዲናዋ ውስጥ በግል ትምህርት ቤት ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ እንግሊዝኛ የለመደ ልጅና እሱ አንድ ዓይነት የመግቢያ ፈተና ይፈተናሉ። በ1993 ዓ.ም. የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተጨመረ። መሰናዶ የሚባሉት 11ኛና 12ኛ ክፍሎች ደግሞ በየወረዳው አልነበሩም።

ይህ በተግባር ምን ይመስል ነበር? መሰናዶ የደረሰ የገጠር ልጅ ከተማ ገብቶ ከሁለት ወይም ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል። አልጋ የለም፤ ፍራሹ መሬት ላይ ነው። አንዱ ጥግ የጋዝ ምድጃ ወይም ከሰል፣ ሌላው ጥግ የበቆሎ ዱቄት ያለበት ማዳበሪያ ጆንያ። ቅዳሜ በእግሩ ወይም በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ቤተሰቡ ጋ ይሄዳል፤ እሑድ ማታ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። ስንቁ ካለቀ ሐሙስና ዓርብ ባዶ ሆድ ክፍል ይገባል። የቡና ለቀማ ሲደርስ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ፣ ቤት ሰው ይፈለጋልና የቀረበትን ትምህርት ማንም አይመልስለትም። የፈተናው ወረቀት ከመሰጠቱ በፊት ምርጫው የተደረገው እዚህች ክፍል ውስጥ ነው፤ ትምህርት ሚኒስቴር ስለ ጥራት ሲነጋገር ይህችን ክፍል ሲቆጥራት አላየሁም።

በ1995 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ወጣ፤ ተከትሎም የወጪ መጋራት ደንብ። ሕዝቡ ኮስት ሸሪንግ ነው የሚለው። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ የትምህርቱን ደግሞ ቢያንስ 15 ከመቶ ወደፊት ከደመወዙ እየተቆረጠ እንዲከፍል ይፈርማል። ሐሳቡ ከአውስትራሊያ የተወሰደ ነው፤ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ድሃም ሀብታምም ሳይከፍል ገብቶ፣ ሥራ ሲይዝ መክፈሉ ፍትሐዊ ይመስላል። መምህርነት የገባ በገንዘብ ፋንታ በአገልግሎት ይከፍላል። ችግሩ የሚጀምረው ተመርቆ ሥራ ሳያገኝ ሲቀር ነው። ዕዳውን ያልከፈለ ተመራቂ ዋናውን ዲግሪ አያገኝም፤ በቴምፖራሪ ወረቀት ይዞራል። የዳሪሙ ልጅ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሲመጣ በእጁ የያዘው ያንን ነው።

ክፍያው ወደፊት ነው ቢባልም የመጀመሪያው ወጪ ዛሬውኑ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ተማሪ ሲጠሩ ማስታወቂያው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ጨርቅ፣ የስፖርት ትጥቅ፣ በርከት ያለ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የትምህርት ማስረጃ ዋናውና ኮፒው። ለመዲናዋ ወላጅ የአንድ ከሰዓት ሸመታ ነው። ጥሪው ከቡናው በፊት ከመጣ ግን የገበሬው ቤት ይጨንቀዋል፤ ገና ያልቀላውን ቡና ለነጋዴ በርካሽ አስቀድሞ የሚሸጥ አለ። ምደባው ደግሞ ማዕከላዊ ነበር። ልጁ መቐለ ከደረሰው ከመቱ ከ1300 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ አለበት።

አሁን ቀደም ብዬ ወደ ጠቀስኩት ሚዛን ልመለስ። መንግሥት ወደ ኋላ ለቀሩ ወገኖች የመግቢያ ነጥቡን ዝቅ ያደርግ ነበር፦ ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞች፣ ታዳጊ ተብለው ለተለዩት ለአፋር፣ ለሶማሌ፣ ለጋምቤላና ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልሎች። ይህ ተገቢ ነበር፤ ጋምቤላ በትምህርት ታሪካችን ውስጥ ከማንም በላይ የተረሳ አገር ነው። ግን ኢሉባቦርና ጋምቤላ ወሰንተኞች ናቸው። ወሰኑ ማዶ ያለው ልጅ የሚረዳበት ሥርዓት ወሰኑ ወዲህ ያለውን ልጅ ከአዲስ አበባው የቦሌ ልጅ ጋር በአንድ መስመር ያሰልፈዋል፤ ምክንያቱም ኦሮሚያ ታዳጊ ክልል አይደለችም። በዚያው ዳሪሙ የሰፈረው የወሎ ገበሬ ልጅም እንዲሁ። የክልሉ ስም እንደ ድህነት መለኪያ ተወሰደ፤ የልጁ ቤት፣ የወላጆቹ ገቢ፣ የተማረበት ትምህርት ቤት አልተለካም። ልዩ ድጋፍ መኖሩን እደግፋለሁ። የሚሰጥበት መስፈርት ግን እስከ ቀበሌ ወርዶ መታየት ነበረበት ባይ ነኝ፤ ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው መረጃ በመንግሥት እጅ ነበር።

በዚህ መሐል ፖለቲካው ግቢ ውስጥ ገባ። በጥር 1996 ዓ.ም. የኦሮሚያ ዋና ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ መዛወሩን የተቃወሙ ከ300 በላይ የኦሮሞ ተማሪዎች ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሰሩና ተባረሩ። ያን ያህል ወንዝ አቋርጦ ግቢው የገባ ልጅ በአንድ ቀን ሰልፍ ሁሉንም አጣ። ከነዚህ ውስጥ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ የቀሩ ብዙ ናቸው።

የዩኒቨርሲቲ ግንባታው ዘመን ግን ለኢሉባቦር መልካም ዜና ነበረው። በ2004 ዓ.ም. መቱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መቀበል ጀመረ፤ በኋላም በደሌ ላይ የግብርናና የደን ኮሌጁን ከፈተ። አብረውት ወልድያ፣ ደብረ ታቦር፣ ዋቸሞ፣ ወልቂጤ፣ ቡሌ ሆራና አዲግራት ተከፈቱ። ዩኒቨርሲቲ ማለት ስድስት ኪሎ ብቻ መሆኑ ቀረ። የጎንደር ልጅ መቱ ተመደበ፤ የዳሪሙ ልጅ ወልድያ። 70 ከመቶው በሳይንስ መስክ ይግባ የሚለው መመሪያ ግን ቤተ ሙከራ አይቶ የማያውቀውን የገጠር ተማሪ ኢንጂነሪንግ ክፍል አስቀመጠው፤ ፍሬሽማን ላይ የወደቁትም በብዛት እነዚህ ናቸው።

በግንቦት 2008 ዓ.ም. አንድ ያልተለመደ ነገር ሆነ። ከኅዳር ጀምሮ ኦሮሚያ በተቃውሞ እየተናጠ ነበርና ብዙ ትምህርት ቤቶች ለወራት ተዘግተው ነበር። የተዘጋባቸው ልጆች ካልተዘጋባቸው ጋር በአንድ ቀን ይፈተኑ ሲባል የ12ኛ ክፍል ፈተና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ተለቀቀ። መንግሥት ፈተናውን ሰርዞ ወደ ሰኔ መጨረሻ አዛወረው። የፈተና ስርቆት ስርቆት ነው፤ የደከሙት ልጆችም ተበድለዋል። ጥያቄው ግን እውነተኛ ነበር፤ ወራት ያልተማረ ልጅ ከተማረው ጋር ሲወዳደር ውድድሩ ምን ይለካል? ይህን ለመጠየቅ ሌላ መንገድ ባለመኖሩ ነው ነገሩ እዚያ የደረሰው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ክፉ ነው። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. በቡኖ በደሌ ዞን፣ ቀድሞ ኢሉባቦር በነበረው አገር፣ ሰፋሪና ነባር ተብለው በተለዩ ጎረቤታሞች መካከል ደም ፈሰሰ። በዚያው ዓመት በአዲግራትና በወለጋ ግቢዎች፣ በጥቅምት 2012 ደግሞ በወልድያ ተማሪዎች በብሔራቸው ምክንያት ተገደሉ። ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ሲመለሱ የታገቱት ተማሪዎች፣ አብዛኞቹ የአማራ ልጆች፣ ወላጆቻቸው ዛሬም ይጠይቋቸዋል። ወላጅ ምደባውን ሲያይ የሚያነበው የትምህርት ክፍሉን ሳይሆን የከተማውን ስም ሆነ። አቅም ያለው ልጁን ወደ ግል ኮሌጅ አዛወረ፤ አቅም የሌለው ወይ ልጁን እየፈራ ላከ፣ ወይ ቤት አስቀረ። ፍርሃት እንዲህ የመግቢያ ዋጋ ሆነ።

በ2014 የትምህርት ዘመን ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ እንዲሰጥ ተወሰነ። የገጠር ተማሪዎች በአውቶቡስ ተጭነው መጡ፤ ስልክ ሳይዙ በዶርም አደሩ፣ በካፌ በሉ። ለብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲ የገቡበት የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ጊዜ ያ ሆነ። ውጤቱ ሲወጣ ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በልጠው ተገኙ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 ከመቶ፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ከመቶ አለፈ። ኩረጃው መጥፋቱ ትክክል ነው፤ በደስታ ነው የምቀበለው። ኩረጃው ተነሥቶ የታየው ነገር ግን ያ ሁሉ ዓመት ክፍል ውስጥ ምን ሲደረግ እንደነበር ነው። ካሳለፉት መካከል ጎልተው የወጡት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ በአዳማ የሚገኘው የኦሮሚያ ልማት ማኅበር ትምህርት ቤት አንዱ ነው። መምህር፣ መጽሐፍ፣ መብራትና ሦስት ጊዜ ምግብ ያገኘ የገበሬ ልጅ ያልፋል። ለተመረጡት ጥቂቶች የተደረገው ይህ ነገር ለቀሩት ለምን እንደማይደረግ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ፣ የንጉሡ ዘመን የትምህርት ዘርፍ ግምገማ የሰጠው መልስ ነው፦ አገሪቱ ድሃ ናት።

የ3.3 ከመቶው ውጤት በወጣበት ዓመት፣ በሰኔ 2015፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲና ሃርቫርድ ተማሪ ሲመርጡ ዘርን ከግምት እንዳያስገቡ ወሰነ። እዚያ ያለው ክርክር አሁን ወደ ገቢ፣ ወደ ሰፈርና ወደ ትምህርት ቤት መለኪያ ዞሯል። እኛ ደግሞ በዚያው ጊዜ ግማሽ ያላመጡትን በማካካሻ፣ በሪሚዲያል፣ መቀበል ጀመርን፤ ነጥቡም እንደ ድሮው በጾታና በክልል ተለያየ። ዳሪሙ አሁንም ከጋምቤላ ወሰን ወዲህ ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል። ለመጀመሪያ ዲግሪ አመልካቾች የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት ጀምሯል፤ በመንግሥት ከሚደገፉት ጎን በራሳቸው ገንዘብ የሚማሩ ተማሪዎችንም ይቀበላል። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች በዚያው መንገድ እንደሚከተሉ ተነግሯል። የቀሩት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ የሚመገብበት የቀን በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ያደገው በ2017 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ተማሪው በምን ይበላ እንደነበር ሒሳቡ ራሱ ይናገራል። ዩኒቨርሲቲው ራሱን ሲችል ድሃው በነፃ የትምህርት ዕድል ይያዛል የሚለው ቃል ተስፋ የሚሰጥ ነው። ቃሉ እንዲሠራ ግን አንድ ነገር በግልጽ መጻፍ አለበት። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዙን በወረቀት ያሳያል። የዳሪሙ አባት ደመወዝ የለውም፤ ገቢው የቡና ዋጋ በወጣበት ዓመት አንድ ነው፣ በወረደበት ዓመት ሌላ ነው፤ በበሽታ በተመታበት ዓመት ደግሞ የለም። በእጁ ያለው ማስረጃ ማኅተም ያረፈበት የቀበሌ ደብዳቤ ነው። ያንን ደብዳቤ የሚያየው ጽሕፈት ቤት ድህነትን በምን እንደሚለካ፣ የክልሉን ስም ብቻ ያያል ወይስ የትምህርት ቤቱን መብራት፣ የመጽሐፉን ቁጥርና ልጁ የተጓዘውን መንገድ ይቆጥራል የሚለው መልስ፣ የዘንድሮው ለቀማ አልቆ ተማሪዎች ቅጽ ከመሙላታቸው በፊት ሊነገራቸው ይገባል።